የቆርቆሮዋ ላም

ጡረታ ዕረፍት ነው ብሎ መጀመሪያ የተናገረውን ሰው ባገኘው፣ ተቆጥቼ ሳይሆን ደክሞኝ፣ አንድ ነገር እጠይቀው ነበር፤ ለመሆኑ ወጥተህ አይተኸዋል? እኔ ወጥቼ አይቼዋለሁ። ዕድሜዬን በሙሉ ደብረ ታቦር ውስጥ ጤና ጣቢያ ሳዋልድ ኖሬያለሁ። ምጥ የጠናባት ሴት ከጉና ጥግ በቃሬዛ ወርዳ ስትመጣ ተቀብያለሁ፤ መብራት ሲጠፋ ባትሪ በጥርሴ ይዤ ሰፍቻለሁ፤ አንዷ በነከሰችው እጄ ሌላዋን አዋልጃለሁ። ይህን ሁሉ አልፌ እንደ ጡረታ ወገቤን የቆረጠኝ ነገር አላየሁም።

ሽኝቱ መልካም ነበር። ጋቢ አለበሱኝ። ኃላፊያችን ባደረገው ንግግር «እስካሁን ለሌላው ኖረዋል፤ ከዛሬ ጀምሮ ለራስዎ ይኖራሉ» አለ። ሁሉም አጨበጨበ፤ እኔም አጨበጨብኩ። እንዴት እንደሚኖር ግን የነገረኝ የለም። ኃላፊውም ገና ጎልማሳ ስለሆነ የሚያውቅ አልመሰለኝም።

የመጀመሪያዎቹን ቀናት ተኛሁ። ተኝቼ ስነሳ የበለጠ ደከመኝ። ከዚያ ባለቤቴን ማከም ጀመርኩ። ባለቤቴ መንገድ ሥራ ላይ የኖረ ሰው ነው፤ ከእኔ ቀደም ብሎ ጡረታ ወጥቶ ሙያውን ተክኖበታል። ጠዋት ወንበሩን ከቤቱ በስተምሥራቅ አውጥቶ ፀሐይ ይሞቃል። ፀሐይዋ ስትዞር ወንበሩን አንጠልጥሎ አብሯት ይዞራል፤ ወደ ማታ በስተምዕራብ ተገኝቶ ይሸኛታል። ሌላ ሥራ የለውም፤ ሌላ ሥራ እንዳለም አይጠረጥርም። እኔ እዚህ ሰላም ውስጥ የደም ግፊት መለኪያ ይዤ ገባሁ። ጠዋት ለካሁት፤ ቀትር ላይ ለካሁት፤ ከፍ ያለ መስሎኝ እንደገና ለካሁት። ስለካው ከፍ ይላል፤ ከፍ ሲል እለካዋለሁ። ጨው ቀነስኩበት። ምላስህን አውጣ አልኩት። በመጨረሻ መለኪያው ከቤት ጠፋ። እሱም አብሮኝ ሲፈልግ ዋለና፣ በኋላ ከማገዶው ክምር ሥር ሲገኝ ማን እንደከተተው ሁለታችንም ሳንጠያየቅ አለፍነው።

ባሕር ዳር ያለችው ልጃችን ሕይወት የደወለች ዕለት፣ ባለቤቴ ስልኩን ይዞ ወደ ጓሮ ሄደ። ምን እንዳላት አልሰማሁም። ሲመለስ ስልኩን ሰጠኝና ልጄ ለስለስ ባለ ድምፅ፣ እኔ ምጥ የያዛትን ሴት በማነጋግርበት ድምፅ ማለት ነው፣ አነጋገረችኝ። አባባን ትንሽ ተይው አለች። ሰው ጡረታ ሲወጣ በውስጡ ታፍኖ የኖረውን ተሰጥዖ የሚያወጣበት ጊዜ ያገኛል አለች። ልጅ ሳለሽ ምን ትወጂ ነበር ብላም ጠየቀችኝ። አሰብኩ፣ አሰብኩና «ሥዕል» አልኩ።

ውሸት አልነበረም። በጤና ጣቢያው ግድግዳ ላይ ለጤና ትምህርት የሚሰቀለውን የምሥለው እኔ ነበርኩ። ጡት አጠባብ ሥያለሁ፤ እጅ አስተጣጠብ ሥያለሁ። ስም ያተረፈልኝ ግን የኮሶ ትል ነው። ወረፋ የሚጠብቀው ሰው ፊት ለፊት ስለተሰቀለ ያላየው የለም። አንድ የገጠር ቄስ ለብዙ ጊዜ ቆመው ካዩት በኋላ እኔን አስጠርተው «ልጄ፣ ሕይወት ዘርተሽበታል» ብለውኛል። በዘመኔ በጥበብ ያገኘሁት ምስጋና ይኸው ነው፤ እሱንም ያገኘሁት ከትል ጋር ተካፍዬ ነው።

ቢሆንም ወዲያው ወደ ሥዕል አልሄድኩም። መጀመሪያ ጓሮ ውስጥ ድንች ተከልኩ፤ አድጎ ይሆን እያልኩ ቶሎ ቶሎ እየቆፈርኩ ስለማየው ሳያድግ ቀረ። ከዚያ ሹራብ መሥራት ጀመርኩ። አንዱን እጅጌ ስጨርስ ባለቤቴ በቀና ልብ «ይህ እግሩ ነው?» ብሎ ስለጠየቀኝ ኪሮሹን አስቀመጥኩ። በማኅበርም በዕድርም ገባሁ፤ እዚያ ያሉት ሴቶች አብዛኞቹን አዋልጃቸው ስለማውቃቸው፣ እኔ ስገባ ጨዋታው ሁሉ ወደ ወገብ ሕመምና ወደ ማሕፀን ይዞራል። ለራሴ ልኖር ወጥቼ ያለ ደመወዝ ተረኛ ሆንኩ።

በዚህ መሀል የአጥራችን ቆርቆሮ ዛገ። ቤታችን ወደ ገበያ በሚወስደው መንገድ ዳር ስለሆነ አላፊ አግዳሚው ያየዋል፤ ባለቤቴ አረንጓዴ ይቀባ አለ። ቀለሙን ከሰብለ ሱቅ ገዛሁ። ሰብለ ቤይሩት ሰው ቤት ስትሠራ ኖራ ተመልሳ የግንባታ ዕቃ መሸጫ የከፈተች ልጅ ናት። አረንጓዴውን ከሰጠችኝ በኋላ በየጣሳው የተረፈ ቀይ ዳማ፣ ነጭና ጥቁር ቀለም መረቀችልኝ። ሥዕል ሊጀምረኝ ነው ብዬ በእፍረት ስነግራት፣ እሷም ያገለገለቻቸው እመቤት በስተርጅና ሰሐን ላይ አበባ መሣል ጀምረው እንደነበር አወራችኝ። ያምርላቸው ነበር ወይ አልኳት። አያምርም፣ ግን እሱን ሲሥሉ እኔ ላይ አይጮሁም ነበር አለች። ባለቤቴ ይህን ቢሰማ ሱቁን በሙሉ ይገዛልኝ ነበር።

አጥሩን አረንጓዴ ቀባሁና የተረፈውን ቀለም ይዤ ፊቱ ቆምኩ። መጀመሪያ የሣልኩት ጉናን ነው። ተራራው ከደጃችን ይታያል፤ ዕድሜ ልኬን ሳየው ስለኖርኩ አይከብደኝም ብዬ ነበር። ስጨርስ አንድ አህያ የሚነዳ ሰውዬ ቆም ብሎ «ደግ የጭድ ክምር ነው፤ ዝናብም አያስገባ» አለኝና አለፈ። ራቅ ብዬ አየሁት። ሰውዬው እውነቱን ነው። ተራራ ነው እያልኩ ከመንገደኛ ሁሉ ጋር ስከራከር መዋሉ ገና ሳስበው ደከመኝ። የጭድ ክምር ካለማ ላም ትኑር ብዬ ከጎኑ ላም ሣልኩ።

ላሟ እንዲህ ናት የመጣችው። ቀይ ያደረግኳት ቀዩ ስለበዛ ነው። ግንባሯ ላይ ነጭ ቀለም ተንጠባጠበባት፤ ልጠርገው ስል ስለሰፋ ቦቃ ሆነች። የግራ ቀንዷን ስሥል ብሩሼ ቆርቆሮው የተመታበት ምስማር ላይ ተደናቅፎ ቀንዱ ወደ ታች ጎበጠ። ጭራዋ ጋ ስደርስ ቀዩ አለቀብኝና ጫፉን በጥቁር ጨረስኩት። ይህን ሁሉ የምዘረዝረው ወድጄ አይደለም፤ በኋላ ስንት ሰው ፊት እንደዘረዘርኩት ብታውቁ ታዝኑልኝ ነበር።

ቅዳሜ ገበያተኛው መጣ። የእኛ አገር ገበሬ ሥዕል አይቶ ዝም ብሎ ሊያልፍ ይችላል፤ ላም አይቶ ግን አያልፍም። አንዷ ከስታለች አለች፤ ከሰብለ ሱቅ ሌላ ቀይ አምጥቼ ሆዷን ሞላሁት። ሌላው ሆዷን አይቶ፣ ይቺ ልትወልድ ደርሳለች፣ ግቷ ግን ባዶ ነው አለ፤ ግቷን ሞላሁት። ከእሱ በኋላ የመጡ ሽማግሌ ግቷን አይተው፣ እንዲህ እስኪወጠር የሚያልባት ሰው የላትም ወይ ብለው ከልባቸው አዘኑላት። ግፊ ስል የሚገፉልኝ፣ ቆዪ ስል የሚቆሙልኝ ሴት ነበርኩ። አሁን ዶሮ አንጠልጥሎ የሚያልፍ ሁሉ አዛዤ ሆነ። ባለቤቴም ወንበሩን ወደ አጥሩ አስጠጋ። ፀሐይዋን ትቶ እኔን ማየት ጀመረ።

አያ ፈንቴ የመጡት በቀጣዩ ገበያ ነው። ከጉና ሥር ገብስና ድንች የሚያመርቱ ገበሬ ናቸው፤ ያን ዕለት ግን ስማቸውንም አላውቅ። አንድ ሸምገል ያሉ ሰው ዱላቸውን ትከሻቸው ላይ አጋድመው አጥሩ ፊት ሲቆሙ አየሁ። አስተያየት ይሰጣሉ ብዬ ብሩሼን ነክሬ ጠበቅሁ። እሳቸው ግን ዱላውን አወረዱ፤ ቀስ ብለው ተጠጉና የጎበጠውን ቀንድ በጣታቸው ነኩት።

«እሜቴ፣ አንቱ ላሟን የት አዩዋት?» አሉኝ።

የትም አላየኋትም፣ ከራሴ አውጥቼ ነው የሣልኳት አልኳቸው።

«ከራስዎ ከወጣች፣ ወደ ራስዎ በየት በኩል ገባች?»

አለኝታ የምትባል ላማቸው ከበረት ተሰርቃ እንደጠፋች ነገሩኝ። ቀይ ናት፤ ቦቃ ናት፤ የግራ ቀንዷ የጎበጠ ነው፤ የጭራዋ ጫፍ ጥቁር ነው። እኔም የተንጠባጠበውን ነጭ፣ ያለቀውን ቀይና የተደናቀፈውን ብሩሽ ተራ በተራ አስረዳኋቸው። በትዕግሥት ሰሙኝ። ምስማሩን ሳይቀር በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። ከዚያ፣ በእኔ ላይ ክፉ ሳያስቡ፣ ምስማሩ ታዲያ ስለምን በቀኙ አልሆነም ብለው ጠየቁኝ።

በሳምንቱ ሽማግሌዎች ይዘው መጡ። ባለቤቴ እንግዳ ይወዳል፤ ወዲያው ጠላ አስቀዳ። አጥሩን ተደግፈው በተርታ ሲቀመጡ ላሟ ከበላያቸው ሆና ሰብሳቢ መሰለች። ማንም አልከሰሰኝም። ቢከሱኝ ይሻል ነበር። ከመካከላቸው ትልቁ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ ፈሪሃ እግዚአብሔር ያለው ሰው ሌባ ላም ሲነዳ ሊያይ ይችላል አሉ፤ ስም ጠርቶ ደም መቃባት ግን ይከብደዋል። እኔ ይህን አስቤ፣ በአንደበቴ ሳልናገር፣ ባለቤቱ አልፎ ያይ ዘንድ ላሟን በቆርቆሮ ላይ ማውጣቴ የሚደነቅ ብልሃት እንደሆነ ተናገሩ። ሌሎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔ አይደለም፣ እንዲህ አይደለም ባልኩ ቁጥር የበለጠ አከበሩኝ። ሲነሱ ያ ትልቁ ሽማግሌ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«እንግዲህ ጀምረውታል እሜቴ። ከቻሉ ከኋላዋ የሚነዳትንም ሰውዬ ቢሥሉልን።»

ከዚያ ወዲህ በሰላም ብሩሽ ማንሳት አልቻልኩም። ብሩሽ ይዤ ከበር ስወጣ መንገዱ ላይ ያለው ሁሉ ይቆማል፤ የማን ፊት ሊወጣ ነው ብሎ። ከጎረቤታችን አንዱ ምንም ምክንያት ሳይኖረው ለጥቂት ቀናት ዘመድ ጥየቃ ሄደ። ባለቤቴም በበኩሉ፣ በዓል ላይ ሥጋ ሲበላ ያዩት ሰዎች አሁን እያስታወሱበት እንደሆነ ጠርጥሮ ጥላ ሥር መቀመጥ ጀመረ።

ወሬው ፖሊስ ዘንድ ደረሰ። የመጣውን ፖሊስ ያዋለድኩት እኔ ነኝ። በእግሩ ነው የተወለደው፤ ዛሬም ነገር ሲጀምር ከመጨረሻው ነው። አፍሮ፣ ሲስተር ይቅርታ ያድርጉልኝ እያለ፣ መጀመሪያ ላሟን በሞባይሉ ፎቶ አነሳት፤ ቀጥሎ ፎቶውን በዙሪያው ከተሞች ላሉ ጓደኞቹ ላከው፤ ከዚያ በኋላ ነው ላሟን ከየት አምጥቼ እንደሣልኳት የጠየቀኝ። ስነግረው ራሱን አከከ። ፎቶው ግን ሄዷል።

ላሟም በያገሩ ትታይ ጀመር። ወረታ ገበያ ታየች። አዲስ ዘመን ታየች። ጣራ ገዳም ሊሳለም የሄደ አንድ ሰው ጫካው ጥግ ስትግጥ አይቷታል ተባለ። አያ ፈንቴ በተባለበት ሁሉ ሄዱ፤ ከፊሉን በመኪና፣ ከፊሉን በእግር። ሲመለሱ በእኛ ደጅ ያልፋሉ። እኔን ሰላም ካሉ በኋላ ወደ ሥዕሉ ጠጋ ይሉና ለጥቂት ጊዜ ያዩታል፤ አድራሻ የሚጠይቁ ይመስላሉ። እኔ እግራቸው ላይ ያለውን አቧራ አያለሁ። ያን ነጭ ቀለም በጊዜ ብጠርገው ኖሮ ይህ ሰው ይኼኔ ድንቹን እየኮተኮተ ነበር።

ጋፋት ታየች የተባለ ጊዜ እኔም ምስክር ሆኜ እንድሄድ ተጠየቅሁ። ምን እንደምመሰክር ማንም አልጠየቀም። ጋፋት ለእግረኛ ቅርብ ነው ይላሉ፤ ይህን የሚሉት ጉልበታቸው የማያማቸው ናቸው። ፖሊሱ ከፊት፣ አያ ፈንቴ ከመሀል፣ እኔ ዣንጥላዬን እየተመረኮዝኩ ከኋላ ሆነን የእርሻውን ጥግ ጥግ ይዘን ሄድን። ስንደርስ የሰፈሩ ሰው ተሰብስቦ ይጠብቀናል። ከብቱ ዛፍ ሥር ታስሯል። ቀይ ነው፤ ቦቃ ነው፤ የግራ ቀንዱ ጎብጧል፤ ጭራው ጫፍ ላይ ጥቁር ነው። ፖሊሱ ስልኩን አውጥቶ ከፎቶው ጋር አስተያየው፤ ፊቱ በራ። ሕዝቡ ወደ እኔ ዞረ። እኔም ከዣንጥላዬ ቀና ብዬ፣ በሙያዬ ዝም ብዬ ላልፈው የማልችለውን ነገር ስላየሁ ተናገርኩ።

«ይህ በሬ ነው» አልኩ።

ፖሊሱ ጎንበስ ብሎ አየና ስልኩን ወደ ኪሱ መለሰ። የበሬው ባለቤት በሬውን ላም ስላሉበት ተቀየመ፤ ይቅርታ ጠይቀን፣ ኮሶ እንደጠጣ ሰው ፊታችንን አኮማትረን ተመለስን።

መንገድ ላይ ፖሊሱ ቀድሞን ሄደ። እኔ ጉልበቴ አልታዘዝ ስላለኝ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ፤ አያ ፈንቴም ከጎኔ ተቀመጡ። ሰው ደክሞት ከጎንህ ሲቀመጥ የሚያወራው ሌላ ነው። ባለቤታቸው ይርገዱ አለኝታን ያሳደገቻት ገና ጥጃ ሳለች እናቷ ሞታ፣ ወተት በቅል እያጠጣች እንደሆነ ነገሩኝ። ልጆቻቸው አንዱ ጎንደር፣ አንዷ ዓረብ አገር ሲሄዱ ቤት የቀሩት እነሱና ከብቶቹ ናቸው። ላሟ ከተሰረቀች ወዲህ ይርገዱ በረቱ ውስጥ አልገባችም። ብላ፣ በሩን ዝጋ፣ እንጨት የለም ከማለት በቀር ቃል አይወጣትም። ሌቦቹ ላሟን በዚያው ሰሞን አርደዋት ይሆናል አልኩ እኔ፣ ቀስ ብዬ።

«እሱንማ አውቃለሁ» አሉ። «አገኛታለሁ ብዬም አይደል የምዞር። ማታ ቤት ስገባ፣ ወሬ አለ የምላት ነገር እንዳላጣ ነው።»

ተነስተን ሄድን። ከዚያ በኋላ ስለ ጉልበቴ አላወራሁም።

ቤት ስደርስ ባለቤቴ፣ ይህን ነገር አረንጓዴ ቀቢውና እንረፍ አለኝ። ሲናገር አልተቆጣም፤ እሱም ደክሞታል። ልጄም በስልክ፣ እኔ ያልኩሽ ውስጥሽ ዘና እንዲል ነበር እማዬ አለች። ውስጤ ይቅርና ውጪዬም ዘና አላለም። እሺ አልኳቸው። ሥዕሌ ሰው እያንከራተተ ከሆነ ባይኖር ይሻላል። የጠፋ ከብት ቢኖራችሁ ትረዱኛላችሁ፤ ባይኖራችሁም፣ በአጥራችሁ ላይ ሰው ሁልጊዜ ተስፋውን ሊጠይቅ ሲመጣ እያዩ መኖር አይቻልም።

ቅዳሜ ጠዋት አረንጓዴውን ከፈትኩና ከጭራዋ ጀመርኩ። ጥቁሩን ጫፍ እንዳጠፋሁ አያ ፈንቴ መጡ። ከኋላቸው ቀጠን ያሉ ሴት ነጠላቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው ቆመዋል። ይርገዱ ናቸው። አያ ፈንቴ ለብዙ ጊዜ ለምነዋቸው ነው የመጡት፤ እያፈሩ ነገሩኝ። እኔ ብሩሹን ከኋላዬ ደበቅሁ። ባለቤቴ ከወንበሩ ተነሳ። ይርገዱ ላሟን ከቀንድ እስከ ሰኮና አዩዋት።

«ይቺ አለኝታ አይደለችም» አሉ።

አያ ፈንቴ እዚያው መንገዱ ዳር ቁጭ አሉ። ወረታ፣ አዲስ ዘመን፣ ጣራ ገዳም፣ ጋፋት፣ ሁሉም አብሯቸው ቁጭ አለ። እኔ ዕፎይ ማለት ነበረብኝ። አሁን በሰላም እቀባዋለሁ፤ ነገሩም ያበቃል። ነገር ግን፣ እንዴት እንደሆነ እንጃ፣ ተናደድኩ። ጉልበቴ እስኪያብጥ የሄድኩባት ላም ናት። ስንት ሰው ያያት፣ ፖሊስ ያመናት ላም ናት። በዚያው የጤና ጣቢያ ድምፄ፣ ምኗ ነው ያልሆነው ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ዓይኗ» አሉ። «ይቺ የምትፈራ ላም ናት። አለኝታ መቸ ትፈራለች። ሰው ሲመጣ ጎንዮሽ አየት ታደርግና መብላቷን ትቀጥላለች፤ ማንም ቢሆን።»

ጥቁሩን ቀለም ከፈትኩ። ዓይኑን ደፈንኩና ወደ ጎን አደረግኩት። ይርገዱ ተጠጉ። ትንሽ ዝቅ ይበል አሉ፤ ዝቅ አደረግኩት። ጆሮዋ እንዲህ አይቆምም፣ አንዱን ጅብ ነክሷት ጫፉ የለም አሉ፤ ጫፉን አነሳሁት። ሻኛዋ ያንሳል አሉ። ከአንገቷ ሥር ያለው ቆዳ ይረዝማል፣ ልጅ ሳለች እሱን ይዤ ነበር የማስተኛት አሉ። ነጠላቸው ከአፍንጫቸው ወርዷል፤ አላወቁትም። ስታለብ ካላንጎራጎሩላት ወተቷን እንደምትይዝ ነገሩኝ። አንድ ጊዜ ታመው ሲተኙ ጎረቤት ልታልባት ገብታ፣ አልሰጥ ስላለቻት እየተሳደበች እንደወጣች ነገሩኝ። የነጠላቸውን ጥለት እየላሰች ቀለሙን እንዳስለቀቀችባቸው፣ ዓረብ አገር ያለችው ልጃቸው ስትደውል መጀመሪያ የምትጠይቀው ስለ ላሟ እንደነበረ፣ አሁን ምን እንደሚሏት እንደማያውቁ ነገሩኝ። አያ ፈንቴ ካሉበት አልተነሱም። እስትንፋሳቸውን እንኳ ቀስ አድርገው ነበር የሚያወጡት፤ ሚስታቸው ማውራቷን እንዳታስተውል የፈሩ ይመስላሉ።

እኔ ይህን አውቀዋለሁ። ለብዙ ሰዓት ዝም ብላ የቆየች ሴት ድንገት ስትጀምር ከአጠገቧ አይራቅም፤ ብዙም አይወራም፤ እጅ ግን ሥራ አይፈታም። ዝም ብዬ ቀባሁ። ባለቤቴ ወንበሩን አምጥቶ ለይርገዱ አስቀመጠላቸው። ገበያተኛው ከኋላችን ቆሞ ያያል። አንዱ ስለ ግቷ ሊናገር ሲጀምር ባለቤቴ ክንዱን ይዞ ወስዶ ጠላ ሰጠው።

ጭራዋን መልሼ ሥዬ ጥቁሩን ጫፍ ሳስነካ ይርገዱ ከወንበሩ ተነሱ።

«እሷ ናት» አሉ።

መዳፋቸውን ጎኗ ላይ አሳረፉ። ቀለሙ አልደረቀም፤ እጃቸው ቀይ ሆነ። ጨርቅ ላቀብላቸው ብል አልተቀበሉኝም። አያ ፈንቴ ዱላቸውን አነሱ፤ ባለቤቴ መረቃቸው፤ እነሱም መረቁን። ትንሽ እንደሄዱ ይርገዱ ብቻቸውን ተመለሱ። እንደገና ሲያዩዋት ቆዩና፣ ውለታ የሚበዛባቸው እንደመሰላቸው ሁሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ተናገሩ።

«እሜቴ፣ ፊቷ ወደ ከተማ ነው። ወደ ቤቷ ያዙሩልኝ።»

ልነግራቸው ፈልጌ ነበር። የላም ፊት በቆርቆሮ ላይ ሲዞር አንገቷም ይዞራል፤ ቀንዷም ከግራ ወደ ቀኝ ይሄዳል፤ ጠዋቱን ሙሉ የደከምንበት ዓይንና ጆሮ ጠፍቶ እንደ አዲስ ይሠራል። ወገቤ ተቆርጧል፤ ጉልበቴ እንደ ጉና ሆኗል፤ ምሳ አልበላሁም። እሺ አልኳቸው።

ሲሄዱ እያየሁ ቀዩን ጣሳ በጠበጥኩ። አዲሱ ራስ ከመጠናቀቁ በፊት አሮጌውን ማጥፋት ስለከበደኝ፣ ላሟ ከምሳ በኋላ ያለውን ጊዜ ሁለት ራስ ይዛ ዋለች፤ አንዱ ወደ ገበያ፣ አንዱ ወደ ተራራው። ከገበያ የሚመለሰው ሁሉ ቆመ። ምን ዓይነት ላም ናት ያለ አለ። ያማተበም አለ። አንዷ ሴት፣ ሲስተር ይቺን ደግሞ እንዴት አድርገው ነው የሚያዋልዷት ብላ ስቃ አለፈች። ያ ትልቁ ሽማግሌም መጥተው፣ ሁለተኛው ራስ የሌባውን መንገድ ያሳያል ወይ ብለው ጠየቁኝ። ባለቤቴ ምን ልበላቸው ብሎ አየኝ። ብሩሼን ነክሬ ወደ አዲሱ ራስ ዞርኩ። ሥራ ላይ ነበርኩ።